ሌባ ያጠራው ውሃ

ሥራዬ የፍሳሽ ውሃ መለካት ነው። እንዲህ ብዬ ግን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለቅሶ ቤት «ምን ላይ ነው የምትሠሪ?» ሲሉኝ «ላቦራቶሪ» እላለሁ፤ ያኔ ሁሉም ደም የምመረምር ይመስለውና ስለ ጨጓራው ያማክረኛል። እኔም አላስተባብልም፤ በርበሬ ቀንሱ ብዬ እሸኛቸዋለሁ። የምሠራው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። ብዙ ሠልጣኝ እዚያ ያድራል፤ ይበላል፣ ይታጠባል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ሌላውንም ያደርጋል። የዚያ ሁሉ ሰው ውሃ በአንድ ቱቦ ወጥቶ ቁልቁል ወደ አንዲት ትንሽ ወንዝ ይገባል። ከቱቦው ዝቅ ብሎ፣ ወንዟ በደጃቸው የምታልፈው ሰው ደግሞ አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም።

አጎቴ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ሊመረቁ ጥቂት ሲቀራቸው አባታቸው ሞቱና ተመልሰው ሞፈር ጨበጡ። እሳቸው ቅኔውን ቢተዉትም ቅኔው እሳቸውን አልተዋቸውም፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ካለው ሁለተኛውን ሳይነኩት አያልፉም። ሚስታቸው «ከዚህ ሰውዬ ጋር ጨው አምጣ ብሎ መነጋገር እንኳ ፈተና ነው» እያለች ታማርራለች።

ወንዟ በበጋ እግሩ ረጅም የሆነ ሰው ሳይረግጣት የሚሻገራት ናት። የአጎቴ ላሞች ግን ከእሷ ሌላ ውሃ አያውቁም ነበር። ማሠልጠኛው ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ውሃው አረንጓዴ ልጋግ የመሰለ ነገር ለበሰ፤ ከዚያም መግማት ጀመረ። ላሞቹ ወርደው ያሸቱታል፣ ቀና ብለው አጎቴን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ሌላው ውሃ የላይኛው ምንጭ ነው፤ የአንድ ሰዓት ዳገት። ልጆቻቸው ሁሉም ከተማ ገብተዋልና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ በየቀኑ ላሞቹን እየነዱ ያንን ዳገት ይወጡ ጀመር። ቅርብ ያለ ዘመዳቸው እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ያንን ውሃ በጠርሙስ እየቀዳሁ ቁጥር የምጽፍለት ሰው ነኝ።

አንድ እሑድ ሄጄ፣ ሊቅ ነኝና አስረዳኋቸው። «ጋሼ፣ ውሃውን የሚያበላሸው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሚባል ነገር ነው። ከሽንት ይመጣል፣ ከሳሙና ይመጣል፣ ከወጥ ቤት ይመጣል። ለተክል ምግቡ ነው። ሲበዛ ግን ያ አረንጓዴ ነገር ይወረዋል፤ እሱ ሲበሰብስ ውሃው አየር ያጣል።»

«ምግቡ ነው አልሽ?»

«ማዳበሪያ እንደ ማለት ነው።»

በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙና አዩኝ። «እኛ ለማዳበሪያ ይጁቤ ድረስ ወርደን ተሰልፈን፣ ስማችን ሳይጠራ እንመለሳለን። እናንተ በወንዝ ትለቁታላችሁ! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ማዳበሪያ በደጁ እየፈሰሰ ማዳበሪያ የጠማው ሰው ግን እኔ የመጀመሪያው ነኝ።»

ሳቅሁ። 

በዚያው ዓመት ስልጠና ላኩኝ። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን፣ ስላይድ እያሳዩን፣ የታሸገ ውሃ እየጠጣን ስለ ቆሻሻ ውሃ ተማርን። መፍትሔው ተክል ነው አሉን። ዝቅ ያለ ሜዳ ትቆፍራለህ፣ ጠጠር ታነጥፋለህ፣ ከላይ በኩል ፊላ፣ ከታች በኩል ቄጠማ ትተክላለህ፤ ፍሳሹ በሥሮቹ መሀል ቀስ እያለ ሲያልፍ ሥሩ ላይ ያሉ ረቂቅ ሕያዋን የድርሻቸውን ይበላሉ፣ ተክሉ ደግሞ ማዳበሪያውን እየጠጣ ያድጋል፤ በወዲያኛው ጫፍ የተሻለ ውሃ ይወጣል። ስሙም «ሰው ሠራሽ ረግረጋማ መሬት» ነው። ፈተና ሰጡን፤ አለፍኩ። ማለፌን አስታውሱልኝ፤ ኋላ ያሳፍረኛል።

ማሠልጠኛው ለዚህ የሚሆን መሬት አጥቶ አይደለም። ከቱቦው አጠገብ ለጥ ያለ የእግር ኳስ ሜዳ አለው። ኃላፊያችን ግን ወይ ፍንክች! ሰውየው ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሠራተኛው ቡድን በረኛ ሆኖ ስለሚቆም፣ «ሜዳው የተቋሙ ገጽታ ነው» ብሎ ዘጋው። የቀረው ለጥ ያለ መሬት ከአጥሩ ወዲያ ያለው የአጎቴ ግጦሽ ነበር። ሄድኩና ለመንኳቸው።

«ይኼ እኮ ድሮ ጨፌ ነበር» አሉ፣ መሬቱን በበትራቸው እየጠቆሙ። «በአባቴ ጊዜ ቄጠማው ጥጃ ይውጥ ነበር። የእናንተ ሰዎች መጡና ረግረግ ለምንም አይረባም ብለው ቦይ አስቆፍረው አደረቁት። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ ጨፌ ይዛችሁ መጣችሁ። ደህናውን ጥርስ ነቅሎ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚገጥም ሐኪም ናችሁ እናንተ።»

ሰንበቴ ላይ ጎረቤቶቻቸው መከሯቸው፤ «ለመንግሥት ቤት ጣት ከሰጠህ ክንድህን ይዞ ይሄዳል» አሏቸው። እሳቸው ግን «የእህቴ ልጅ ናት ያለችው» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። ለእኔም ባጭሩ ነገሩኝ። «ሰጠሁ። ግጦሹ ይሂድ፤ ላሞቼ ደጃቸው ላይ ይጠጡ። ሌላ የምፈልገው የለኝም።» ወረቀት አልተጻፈም። በአጎትና በእህት ልጅ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል? እንዲያ ነበር የማስበው።

ሐምሌ ላይ ተከልን። ኅዳር ሲገባ ቄጠማው ወገብ አለፈ። የማሠልጠኛ ፍሳሽ የሚጠጣ ቄጠማ እንዴት እንደሚወፍር ያላየ ሰው ነግሬው አያምነኝም። እኔም እድገቱን ለመከታተል ብልሃት ዘየድኩ፤ በተመረጡ ቅጠሎች ላይ በየሳምንቱ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደርጋለሁ፤ አንድ ሳምንት አንድ ነጥብ። የጥፍር ቀለሙ የራሴ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ እንኳን የጥፍር ቀለም፣ እስክሪብቶም ተለምኖ ነው የሚሰጠው።

ጥር ላይ ነጥብ ያደረግሁባቸው ቄጠማዎች መጥፋት ጀመሩ። ጠዋት ስደርስ አንዱ ጥግ ታጭዶ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። በሳምንቱ ሌላው ጥግ። በበጋ፣ አገሩ ሁሉ እንደ ገለባ ደርቆ ሳለ፣ ለምለም ቄጠማ ያለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው፤ ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ማኅበር አለ፤ ገበያው ቄጠማ ይፈልጋል። «በዚህ ደረቅ ወር ይኼ ለምለም ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ደግሞ አልተወለደም። እኔ ግን በንዴት ልፈነዳ! «የሳይንስ ጠላቶች» እያልኩ ብቻዬን እሳደብ ነበር። ሳምንት ሙሉ ያሳደግሁት ነጥብ የሰው ሳሎን ውስጥ ተጎዝጉዞ ይረገጣል።

ያኔ ወረቀቴ ላይ ቁጥሩ በየሳምንቱ ይወርድ ነበር። ውሃው እየጠራ ነው። ቄጠማው እየተሰረቀ ነው። ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጽፌያቸዋለሁ። አንድ ላይ ግን አላነበብኳቸውም፤ እንግዲህ ላቦራቶሪ ማለት ይኼ ነው።

የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት አጎቴ ደወሉልኝ። ስልክ ላይ ሁልጊዜ ይጮኻሉ፤ ያን ቀን ግን ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ነይ። ቶሎ ነይ፤ ማንንም አታስከትዪ።» ሰው የሞተ መስሎኝ እየሮጥኩ ወረድኩ። ወንዟ ዳር ቆመዋል። ቀይቱ ላም እግሯን ውሃው ውስጥ ከታ አንገቷን ደፍታ ትጠጣለች። ስትጠጣ የጉሮሮዋ ድምፅ ይሰማል። «ጠጣች እኮ!» አሉኝ፣ ላሟ እንዳትሰማ ይመስል በሹክሹክታ። አለቀስኩ። እውነቴን ነው፤ በሥራዬ ምክንያት በደስታ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ቀዳም ሥዑር ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዲያቆናቱ እንደ ደንቡ የምሥራቹን ቄጠማ ያድላሉ፤ ሁሉም እየተቀበለ ግንባሩ ላይ ያስራል። ኃላፊያችን ነጭ በነጭ ለብሶ ከፊቴ ቆሟል። ዞር ብሎ «እንኳን አደረሰሽ» ሲለኝ ግንባሩን አየሁት። ሦስት ቀይ ነጥብ። እኩል በእኩል የተራራቁ። የእኔ የጥፍር ቀለም!

እግዚኦ! የሚያሠለጥናቸው ሰዎች የመጸዳጃ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ቄጠማ በኃላፊው ግንባር ላይ ታስሮ፣ ኃላፊው በአክብሮት ይሰግዳል። ዲያቆናቱ ምን ያውቃሉ፤ ምእመን ከገበያ ገዝቶ የሰጣቸውን ነው የሚያድሉት። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ሳቄን ለማፈን ስታገል እንባዬ ወረደ። አጠገቤ ያለች አሮጊት «አይዞሽ ልጄ፣ ተነሥቷል» አለችኝ።

ለአጎቴ ስነግራቸው በእሳቸው ግንባር ላይም አንድ ነጥብ ነበረች። ፈቱና አገላብጠው አዩዋት። «ርግቧ ለኖኅ ቄጠማ ይዛ ስትመጣ ውሃው ጎደለ ብላ ልታበስረው ነው። አንቺ ደግሞ ውሃው ከየት እንደመጣ ልታረጂኝ መጣሽ» ብለው መልሰው አሰሯት። እሳቸው በዚህ አበቁ። እኔ ማብቃት አቃተኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩ። የሕዝብ ጤና ብዬ ጻፍኩ፤ እሱ እውነት ነው፣ የፍሳሽ ቄጠማ ሰው እራሱ ላይ ሊያስረው አይገባም። የጥናት መስተጓጎል ብዬ ጻፍኩ። «በስፍራው የሚገኙት ቋሚ ዕፅዋት በሌቦች እየወደሙ ስለሆነ ጥበቃ ይደረግላቸው» ብዬም ጻፍኩ። ቋሚ ያልኩት ከዓመት ዓመት የሚኖሩ ለማለት ነው። ኃላፊያችን ሲያነበው ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ የሕዝብ ጤናው ሳይሆን የግንባሩ ነገር ነው የቆረቆረው። በሳምንቱ የሽቦ አጥር ታጠረ፣ ዘበኛ ተቀጠረ፣ «ቄጠማ መቁረጥ በሕግ ያስቀጣል» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። አጥሩ የቆመው በአጎቴ ግጦሽ ላይ መሆኑን ማንም አላነሳም።

ማስታወሻዬ ንብረት ክፍልም ደርሶ ነበር። የንብረት ሠራተኛው «ቋሚ» የሚለውን ቃል ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ወንበር ቋሚ ንብረት ነው፣ ቁም ሣጥን ቋሚ ንብረት ነው፣ ስለዚህ ቄጠማውም ቋሚ ንብረት ነው። በቅጹ ሞላው። ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ በእንጨት ላይ መትቶ ረግረጉ መሀል አቆመው። ከዚያ ቅጹን አምጥቶ «ተረካቢ» በሚለው ቦታ ላይ አስፈረመኝ። ሳላነብ ፈረምኩ። ኧረ እየሳቅሁ ነው የፈረምኩት!

ዘበኛው በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሴት ከነቄጠማዋ ይዞ ቢሮዬ አመጣ። ገበያ ላይ ቄጠማና ጌሾ የምትቸረችር፣ አርባዎቹን ያለፈች ሴት ናት። ሠራተኛው ተሰብስቦ እያየ «አንቺ ነሽ ሌባዋ?» አልኳት።

«ሌባ?» አለች፣ እስሩን መሬት ላይ ጥላ። «ይኼን ግማት ማን ያጭድላችሁ ነበር? እጄ ሦስት ቀን አይለቀውም እኮ! ደግሞስ ባለመሬቱ ሲያዩኝ ከልክለውኝ አያውቁም፤ አንቺ ማነሽ?»

«የተቋሙ ንብረት ነው» አልኳት። ማጭዷን ቀምተን ሰደድናት። በኩራት ተንጎራድጄ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ያቺን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ክረምቱ አልፎ ቄጠማው እንደገና በቀለ፤ የነካው የለም። ሰው አከለ፤ ሰው በለጠ። ፊላውማ ጫካ ሆነ። ኃላፊያችን እንግዳ በመጣ ቁጥር እየወሰደ ፎቶ ያነሣበታል፤ ከየቦታው እየመጡ «እንዴት ያለ አረንጓዴ ልማት!» ይሉለታል። ኅዳር ሲያልቅ ግን ያ ሁሉ ልምላሜ ከብዶት ወደቀ። ቢጫ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፣ ውሃው ውስጥ ተኝቶ በሰበሰ። በወዲያኛው ጫፍ የሚወጣው ውሃ አተላ መሰለ። የእኔ ቁጥሮች ሽቅብ ወጡ።

ታኅሣሥ ላይ ኃላፊያችን እንግዶች ይዞ አጎቴ ደጅ ድረስ ወረደ። ተጠቃሚ አርሶ አደር ማሳየት ነበረበት። ካሜራው ተደግኖ «እስቲ ጋሼ፣ ይንገሩን፤ ውሃው ጠራ አይደል?» አላቸው።

«ጠራ እንጂ!» አሉ አጎቴ፣ ሳይስቁ። «የአገሩን ዝንብ ሁሉ ጠራ። ዝንቡም አላሳፈረውም፤ መጣ።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከከተማ የመጡ ናቸው፤ «ጠራ» የሚለውን ብቻ ነው የሰሙት። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታውን የስልጠናውን ደብተር አወጣሁ። በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበት፣ እንዲህ ይላል፦ ተክሉ በወቅቱ እየታጨደ ከቦታው መውጣት አለበት። የጠጣውን ማዳበሪያ በቅጠሉ ይዞታልና፤ ካልታጨደ ወድቆ ይበሰብስና የጠጣውን መልሶ ውሃው ውስጥ ይተፋዋል። በፈተናው ላይ ይኼ ጥያቄ መጥቶ ነበር። መልሼዋለሁ። አንዲት ቄጠማ ነጋዴ ያለ ስልጠና፣ ያለ ስላይድ፣ ያለ አበል ሥራዬን ስትሠራልኝ ከርማ፣ እኔ ሌባ ብዬ አስይዣታለሁ።

አጎቴ እንደገና ዳገቱን መውጣት ጀምረው ነበር። አልወቀሱኝም። ስልክ መደወል ብቻ ተዉ። እኔ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ምንጭ ላይ ነኝ» ይሉኛል፤ ሲያለከልኩ ይሰማኛል። አንድ ቀን ወድቀው ክርናቸው ተላጠ፤ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ግጦሹም ሄደ፣ ውሃውም ሄደ። ምን ዓይነት የእህት ልጅ ነው የሰጣቸው?

ንብረት ክፍል ሄድኩ። «ቄጠማው መታጨድ አለበት» አልኩት።

«ቋሚ ንብረት ማጨድ ማለት ማስወገድ ነው» አለኝ። «ማስወገድ ኮሚቴ ይፈልጋል። ኮሚቴው ደግሞ አልተቋቋመም።»

«እንግዲያው ቃሉን ቀይረው። በአላቂ ዕቃ መዝግበው፤ እንደ ሳሙና፣ እንደ ወረቀት።»

አሰበበት። «አላቂ ቢሆንማ እስካሁን ባለቀ ነበር» አለ። «ዓመቱን ሙሉ አላለቀም እኮ።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱን አንድ ቢሮ ውስጥ አገኘኋቸው። ኃላፊያችን ዘንድ ስገባ ደግሞ «አሁን ብናጭደው ራሰ በራ ይሆናል፤ ከፋሲካ በኋላ እንግዳ አለብን» አለኝ። የበሰበሰውስ? «በፎቶ አይሸትም» አለ። አይ ሰው!

በመጨረሻ ገበያ ወረድኩ። ሴትዮዋን ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። አጠገቧ ተንበርክኬ «እባክሽ እትዬ፣ መጥተሽ እጨጂልኝ፤ ዘበኛውን እኔ እይዘዋለሁ» አልኳት።

«ዓምና ሌባ፣ ዘንድሮ እትዬ?» አለች፣ ሽንኩርቷን ሳትለቅ። «መጀመሪያ ማጭዴን መልሺ።»

ማጭዷን ጠይቄ ነበር። መጋዘን ነው ያለው፤ እሱም ቁጥር ተለጥፎበታል። ነገርኳት። ሳቀችብኝ፤ መብቷ ነው። ስለ ላሞቹና ስለ ዳገቱ ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች። «ያ ቃል የሚያጣምሙት ሽማግሌ?» አለች። «ሳጭድ እያዩኝ አልከለከሉኝም። እጨጂው፣ በታጨደ ቁጥር ውሃው ይሻለዋል ብለውኛል።»

«አጎቴ ያውቁ ነበር?»

«ጨፌ ያሳደገው ሰው እንዴት አያውቅ? ለእህትዎ ልጅ ይንገሯት ብላቸው፣ እሷ ተምራለች አሉኝ።»

ሽንኩርት ገዝቼ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም። መጋቢት ውስጥ አንድ ጠዋት ዘበኛው ስልክ ደወለ፤ ድምፁ የደስታ ነው። «ሌባው እጅ ከፍንጅ ተይዟል! ትናንት ማታ ሲያጭድ ነው ያገኘሁት። ፖሊስ ጣቢያ አድሯል፤ ተረካቢዋ ነሽና ነይ።»

ስደርስ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አጎቴ ናቸው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ ክርናቸው ላይ የድሮው ጠባሳ አለ። ማጭዳቸው ፖሊሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዘበኛው ሳይገባ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምረው የረግረጉን እኩሌታ አጭደው ኖሯል፤ በገዛ ግጦሻቸው ላይ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ዋስ እሆናቸዋለሁ» አልኩት ፖሊሱን።

«ምናቸው ነሽ?»

«የእህታቸው ልጅ ነኝ።»

ስሜን ጠየቀኝና ወረቀቱን ገለበጠ። «አንቺማ ከሳሽ ነሽ» አለኝ።

«እኔ ማንንም አልከሰስኩም!»

«ንብረቱን የተረከብሽው አንቺ ነሽ፤ ፊርማሽ እዚህ አለ። የተሰረቀበት ከሳሽ ነው። ከሳሽ ደግሞ ዋስ አይሆንም።»

«እንግዲያው ትቼዋለሁ! ክሱን ትቼዋለሁ!»

«የመንግሥት ንብረት ነው እህቴ» አለ፣ እያዘነልኝ። «አንቺ ምን አግብቶሽ ነው የምትተዪው?»

በዚህ መሀል ሴትዮዋ ገባች። የቀሚሷ ጠርዝ ላይ ያው የረግረጉ ጭቃ አለ፤ ለካ አብራቸው ስታጭድ አምሽታ፣ ዘበኛው ሲመጣ አምልጣለች። ቤቷ ቁጭ ብትል ማንም አይፈልጋትም ነበር። መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለሽማግሌው ዋስ ልሆን ነው የመጣሁት።»

«ምናቸው ነሽ?»

«ዘመዳቸው» አለች።

ፖሊሱ አጎቴን አያቸው። «ዘመዴ ናት» አሉ።

ጻፈው። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አስፈረማት። ከዚያ አንድ ሌላ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። «ዋስትናው የሚጸናው የከሳሽ ቃል ሲፈረም ነው።» አነበብኩት። ግለሰቡ በእኔ ኃላፊነት ሥር ያለውን ቋሚ ንብረት ሲሰርቁ ተይዘዋል ይላል፤ ከሥሩ ስሜ አለ።

«ይኼን አልፈርምም» አልኩ። «ሞቼ ነው የምፈርመው!»

«ካልፈረምሽ ዛሬም እዚህ ያድራሉ» አለ ፖሊሱ።

አጎቴ ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ተነሡና እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ፈርሚ ልጄ» አሉኝ። «ላሞቹ ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም።»

ፈረምኩ።